«ፏ» ማለት

እሑድ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ከምትኖርበት ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ጀርባ የፀሐይነሽ ሞላልኝ አስከሬን ወድቆ ተገኘ። ሃያ ዓመቷ ነበር፤ ከደጋን ገጠር መጥታ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ከገባች ገና ስድስት ወሯ። ጥቂት ቀደም ብሎ ከስልኳ ክፍል ለምትጋራት ጓደኛዋ ለኩኩ መልእክት ደርሶ ነበር፦ «ፏ ብዬ መኖር ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም። ፋራ እንደሆንኩ ልሂድ።»

የአካባቢው ፖሊስ ራሷን ጣለች ብሎ መዝገቡን ሊዘጋ ሲል ኢንስፔክተር ዙበይዳ ጣሀ ከደሴ ወረደች። የልጅቷ ፀጉር ጆሮዋ ድረስ ተቆርጧል፤ በጨበጠችው እጇ ውስጥ ግን ክንድ የሚያህል ጥቁር ፀጉር ነበር። ፖሊሶቹ ረጅም ፀጉር ያላትን ኩኩን በጥርጣሬ አዩዋት። ዙበይዳ ግን በልጅቷ ጣቶች የተሸፈነውን የፀጉሩን ጫፍ አውጥታ አገላብጣ አየችው።

በዚያ ሰዓት ሕንፃው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ኩኩ፣ ከጎን ክፍል የሚኖረው የፋብሪካው ተቆጣጣሪ አቤ፣ ምድር ቤት ያለው የሴቶች ፀጉር ቤት ባለቤት ከሊድ። ከሊድ ልጅቷን እምብዛም እንደማያውቃት፣ ሐሙስ ዕለት ግን ለፋሽን ብላ ራሷ ወድዳ እንደተቆረጠች ለዙበይዳ ነገራት።

ከፀሐይነሽ ፍራሽ ሥር ደብተር ወጣ። የከተማ ልጆች ስለ ልብስና ስለ ፀጉር የሚሏቸውን ቃላት ከነትርጉማቸው እየጻፈች ታጠና ነበር። «ቦንዳ፦ ሌላ ሰው የለበሰው ልብስ።» «ፋራ፦ እኔ።» ዙበይዳ እዚህ ላይ ጥርሷን ነከሰች። ዝቅ ብሎ ደግሞ፦ «ፏ ማለት፦ መዝረክረክ፣ ማስጠላት።»

«ይህን ማን ነገራት?»

ኩኩ አንገቷን ደፋች። «እኔ ነኝ። ማማር፣ መድመቅ ማለት እንደሆነ እያወቅኩ ለሳቅ ብዬ ነው።»

ሰው ፏ ብለሻል ባላት ቁጥር ክፍሏ ገብታ ታለቅስ እንደነበር ኩኩ አልደበቀችም። አቤም ዓርብ ዕለት ሥራ ቦታ ይህንኑ ቃል ብሏት እንዳለቀሰች፣ ምክንያቷን ሰምቶ እንደሳቀና ሳያርማት እንደሄደ አመነ።

ሰኞ ጠዋት ዙበይዳ ሦስቱንም ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር።

«ፀሐይነሽ ፏ ማለትን የምታውቀው እንደ ስድብ ነው። ስለዚህ ፏ ብዬ መኖር ፈልጌ ነበር ብላ አትጽፍም። መልእክቱን የላከው ቃሉን በትክክለኛ ትርጉሙ የሚያውቅ፣ እሷ እንደተታለለች ግን ያልሰማ ሰው ነው። ኩኩ ራሷ ናት ያታለለቻት። አቤም ሰምቷል። የቀረኸው አንተ ነህ፣ ከሊድ።»

«ወላሂ እኔ...»

«አትማል። እጇ ላይ የተገኘው ፀጉር ከሰው ራስ የተነጨ አይደለም፤ ጫፉ በቀይ ክር ታስሯል። ለሽያጭ ነው የታሰረው። ደብተሯ ላይ የመጨረሻው ቃል ደግሞ፣ ትሪም፦ ጫፉን ብቻ ማስተካከል፣ ይላል። ሐሙስ ዕለት ትሪም ላድርግሽ ብለህ ሙሉውን ቆርጠህ ወሰድክባት። እሑድ ጣሪያ ላይ አጥበህ አስጥተኸው የገዛ ፀጉሯን አገኘችው። የተረፈውን ዛሬ ጠዋት ከሣጥንህ አውጥተነዋል፤ ክሩም ያው ቀይ ክር ነው።»

ከሊድ ላቡን ጠረገ። «የሰው ፀጉር፣ ሂውማን ሄር፣ ፈላጊው ብዙ ነው። ፀጉር እኮ ይበቅላል። እሷ ግን እከስሃለሁ ብላ ጮኸችብኝ፤ ዝም እንድትል ገፋ ነው ያደረግኳት። ስልኳ እጄ ላይ ቀረ፤ የሚስጥር ቁጥር አልነበረውም።»

ዙበይዳ ጠረጴዛውን በጡጫ መታችው፤ መስተዋቱ ተንቀጠቀጠ። ፖሊሶቹ ካቴና አስገብተውለት ሲያወጡት ቀና ብላም አላየችው።

ከዚያ ወደ ኩኩ ዞረች። «አንቺን የምከስበት ሕግ የለኝም። አባቷ አሁን ይደርሳሉ። ለሳቅ ብለሽ ያደረግሽውን አንቺው ትነግሪያቸዋለሽ።»

«አልችልም። ይማሩኝ፣ እርስዎ ይንገሩልኝ።»

«አልነግርልሽም።»

አስፋልቱ ዳር ቆመው ጠበቁ። የደጋን ሚኒባስ ቆመና ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ወረዱ፤ ግራ ቀኝ እያዩ ልጄን የሚያውቅ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ዙበይዳ አልተነቃነቀችም። ኩኩ እያለቀሰች ወደ ሰውየው ሄደች።