ካርዱ ያውቃል

ሟቿ በመርፌ መውጊያው ክፍል ጠባብ አልጋ ላይ በጀርባዋ ተንጋላለች። አንድ ጫማዋ ወልቆ መሬት ወድቋል። ፊቷና ከንፈሯ አብጧል፤ አንገቷንና ክንዷን ቀይ ሽፍታ ወርሶታል። ማርያን ትባላለች፤ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት፣ የሦስት ልጆች እናት። ጠዋት ጉሮሮዋን አሟት በእግሯ ገባች፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ተወጋች፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አለፈች።

ኢንስፔክተር ዝናሽ ማዘንጊያ የደቻቱን ድልድይ ተሻግራ ገንደ ሮቃ ጤና ጣቢያ ስትደርስ አምስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። ኃላፊው አቶ ጃማዕ በሩ ላይ ጠበቃት፤ በእጁ የተተየበ ወረቀት ይዟል።

«ጥፋተኛዋ ታውቃለች» አለ። «ነርስ ኢፍራህ ናት፤ ከተቀጠረች ስምንት ወሯ ነው። ቃለ ጉባኤ ይዘናል። እንዲወስዷት ብቻ ነው የጠራንዎ።»

ዝናሽ ወረቀቱን ተቀበለችው። ማኅተም ሳይቀር ተመትቶበታል። በዚህ ቤት አንድ በሽተኛ ካርዱ እስኪወጣ ግማሽ ቀን ሲጠብቅ ኖሯል፤ ለአንዲት ልጅ መወንጀያ ግን ሬሳው ሳይነሳ ማኅተም ተገኘ። ይህን አሰበችና ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ኢፍራህን መጋዘን ውስጥ አገኘቻት፤ የጓንት ካርቶን ላይ ተቀምጣ እጆቿን በጉልበቶቿ መሀል ቀብራለች።

«የወጋሻት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ከመውጋትሽ በፊት ምን አየሽ?»

«ኮምፒዩተሩን። ‹የመድኃኒት አለርጂ፦ የለም› ይላል። ‹አይታወቅም› ቢል ኖሮ መጀመሪያ ቆዳዋ ላይ ጥቂት ሞክሬ እጠብቅ ነበር፤ የቤቱ ደንብ እንደዚያ ነው። ‹የለም› ካለ ግን በቀጥታ ነው የሚወጋው።»

«እሷንስ ጠየቅሻት?»

«በሶማልኛ ጠየቅኋት። ‹የማይስማማሽ መድኃኒት አለ?› ስላት ‹ማያ› አለችኝ፤ የለም ማለቷ ነው፤ ‹ካርዱ ያውቃል› አለች።» ልጅቱ ቀና አለች። «አድሬናሊን ሰጠኋት። ደረቷን ተጫንኩ። ኢንስፔክተር፣ መታሰሬ ነው?»

«ገና አላውቅም» አለች ዝናሽ። እውነቷን ነው፤ ልጅቱን ያስፈራት ግን ይኸው እውነት ነበር። ብትታሰር ሥራዋም፣ ስሟም፣ አራት ዓመት የተማረችበትም አብሮ ይታሰራል።

ካርዱ ያውቃል! በዚህ ጤና ጣቢያ ለበሽተኛ ሕመሙን አስረድቶ የሚሸኝ ሐኪም ብርቅ ነው። ሰው ቁጥሩን ይዞ ይመጣል፤ ካርድ ክፍል ካርዱን አውጥቶ ይልክለታል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ካርዱና ሐኪሙ ይነጋገራሉ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን አሥራ አራት ሺህ ካርድ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቶ አልቋል ተባለና ወረቀቱ ከመደርደሪያው እንዳይወርድ ታዘዘ።

የማርያን ባል ሊበን ግቢው ውስጥ ካለች አንዲት ዛፍ ሥር ቆሟል። የኢንዱስትሪ ፓርኩን ሠራተኞች የሚያመላልስ የአውቶብስ ሹፌር ነው። የመኪናውን ቁልፍ እስካሁን ከእጁ አላወረደም።

«አብረሃት ነበርክ?»

«ሠራተኛ አድርሼ መጣሁ፤ ከዚያ እሷን አመጣሁ። ሐኪሙ መርፌ ጻፈላት። እሷ ለምዳለች አይደል? ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ቆመች። ጋሽ ኒቆ በስሟ ጠራት። የመርፌ ወረቀቷን አየው። ‹ካርድ ቀርቷል ማርያን፣ ቀጥ ብለሽ ግቢ› አላት። ጥሩ ሰው ነው ወላሂ፤ ድሮም ያውቃታል።» ሊበን ቁልፉን ወደ ሌላኛው እጁ አዛወረው። «ልጆቹ ዘጠኝ ሰዓት ከትምህርት ቤት ይወጣሉ። ምን ልበላቸው?»

ዝናሽ ማስታወሻዋን ዘግታ ወደ ካርድ ክፍሉ አመራች።

ጋሽ ኒቆዲሞስ ካርድ ክፍል ውስጥ ቆመዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያች መስኮት ያገለገሉ፣ ጋዋናቸው ነጭ፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ ሽማግሌ ናቸው። መደርደሪያዎቻቸው ከወለል እስከ ጣሪያ በቁጥር የተሰለፉ ናቸው፤ አንድ ካርድ እንኳ ከሰልፉ አልወጣም።

«የማርያንን ካርድ ይስጡኝ።»

«የለም። ለኮምፒዩተር ብለው ሲያመላልሱ የት ጥለውት እንደሆነ እንጃ! እኔን ማን ይጠይቀኛል? ወንበሬን እንኳ ለስካነር ማስቀመጫ ወስደውታል።»

«ፔኒሲሊን እንደማይስማማት ያውቁ ነበር?»

«አሥራ አራት ሺህ ሰው ነው ልጄ። ማንን ከማን ለይቼ አስታውሳለሁ?»

ዝናሽ የሟቿን ቁጥር ተከትላ መደርደሪያው ጋ ሄደች። በማርያን ካርድ ቦታ አንድ ቢጫ ካርቶን ተሰክቷል። በካርድ ክፍል ቋንቋ ትሬሰር ይሉታል፤ ካርድ ሲወጣ በቦታው የሚገባ ምልክት ነው፤ የወጣበት ቀንና ሰዓት ይጻፍበታል። አነበበችው፤ ማስታወሻዋ ላይ ገለበጠችው።

ከጎን ባለው ክፍል ኪንሲ ተቀምጣለች፤ ካርዶቹን ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት በኮንትራት የተቀጠረች ሴት ናት። ዝናሽ ገና በሩን ስታልፍ ኪንሲ ነገሩን ጀመረችው።

«እኔ ‹የለም› ብዬ አልሞላሁም። የድሮው ካርድ ላይ አለርጂ የሚል መስመር ራሱ የለም። ስለዚህ ‹አይታወቅም› ነው ያልኩት። ለሷም፣ ለሌላውም።»

«ካርዶቹ ላይ ለየት ያለ ነገር አላየሽም?»

«የአንዳንዱ ጫፍ ታጥፏል። ስካነሩ ይነክስብኛል አቦ! በካውያ አቃናሁት። ግን ዝም ብዬ አላቃናሁም፤ ጋሽ ኒቆን ጠየቅኋቸው። ‹ዕድሜ ያጠፈው ነው፣ አቅኚው› አሉኝ።»

«የኔን መዝገብ አውጪልኝ» አለች ዝናሽ።

ከሃያ ዓመት በፊት በዚሁ ጤና ጣቢያ የሰልፋ ኪኒን ውጣ ለሞት ደርሳ ነበር። ሐኪሙ ኪኒኑን ሰርዞ ሌላ ሲጽፍላት ታስታውሳለች። ኮምፒዩተሩ ግን «የመድኃኒት አለርጂ፦ የለም» አለ። የወረቀት ካርዷን አስመጣች። ቀኝ ጫፉ ላይ ካውያ የተጫነው፣ ግን ያልጠፋ የማጠፊያ መስመር አለ።

ሁለቱ ሴቶች መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ ፈተሹ። ጋሽ ኒቆዲሞስ ግቢው ውስጥ ቆመው በመስኮት ያዩዋቸዋል። እንዲህ ያለ መስመር ያለበት ሠላሳ ካርድ ወጣ፤ በሠላሳውም ውስጥ አንድ መድኃኒት ታዞ፣ ወዲያው ተሰርዞ፣ በሌላ ተተክቷል።

«ኮምፒዩተሩ ላይ ‹አይታወቅም› የሚል ስንት ሰው አለ?»

ኪንሲ ፈለገች። እንደገና ፈለገች። «ዜሮ» አለች ድምጿ ቀንሶ። «እኔ እኮ በሺህ ነው የሞላሁት።»

«በአንድ ጊዜ ሁሉንም መለወጥ የሚችል ማን ነው?»

«የኃላፊው የይለፍ ቃል ብቻ።»

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም በተጠባባቂዎች አዳራሽ ተሰበሰቡ። ሙቀቱ ከቆርቆሮው ሥር ተንጠልጥሏል። አቶ ጃማዕ ከፊት አግዳሚ ወንበር፣ ኪንሲ ከጎኑ፣ ኢፍራህ ከአንድ ፖሊስ አጠገብ፣ ሊበን ግድግዳውን ተደግፎ፣ ጋሽ ኒቆዲሞስ ምሳቸውን የሚይዙበትን ቦርሳ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«ማርያንን የገደላት መርፌ ነው» ብላ ጀመረች ዝናሽ። «የኢፍራህ እጅ ግን የመጨረሻው እጅ ነው። ማድረግ ያለባትን አድርጋለች፤ መዝገቡን አይታለች፣ በሽተኛዋን ጠይቃለች። መዝገቡ ዋሸ፤ በሽተኛዋም ማወቅ ያለባትን የነገራት ሰው አልነበረም። መዝገቡ ለምን ዋሸ? አቶ ጃማዕ፣ ‹አይታወቅም› የሚለው የት ሄደ?»

አቶ ጃማዕ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዳታ ማጽዳት ይባላል። ‹አይታወቅም› ያልተሟላ ተብሎ ነው የሚቆጠረው። ሪፖርታችን ስልሳ ሁለት ከመቶ ላይ ቆሞ ነበር። ከሁሉም ጤና ጣቢያ መጨረሻ እኛ ነበርን።»

«ስለዚህ?»

«ባለፈው ሐሙስ ባዶውን ሁሉ ‹የለም› አልኩት።»

«አሁንስ ስንት ደረሰ?»

«መቶ ከመቶ» አለ። ሰው ሞቶም አሃዙን በትክክል ነው የተናገረው።

«በዚያች በአንዲት ጠቅታ ‹ቆዳዋ ላይ ሞክሩ› የሚለው ደንብ አብሮ ጠፋ። ለኔም ጠፍቷል፤ እኔም ነገ እዚህ ብመጣ ያው ነበርኩ።» ካርዷን ወደ ላይ አነሳችው። «ይህ አንዱ እጅ ነው። ስንፍና ልበለው፣ ትዕቢት ልበለው፣ ማርያንን ግን በስም አያውቃትም። ሁለተኛው እጅ ያውቃታል።»

«የእነዚህን ካርዶች ጫፍ ዕድሜ አላጠፈውም። ዕድሜ መርጦ አያጥፍም። መድኃኒት ያልተስማማውን ሰው ካርድ ብቻ እየለየ ያጠፈ ሰው አለ፤ ለሐኪሞቹ ‹ይህን ተጠንቀቁ› ለማለት። ጥሩ ሥራ ነበር ጋሽ ኒቆዲሞስ። ግን ኪንሲ ስትጠይቅዎ ለምን ደበቋት?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማርያንን አላስታውሳትም አሉኝ። ባሏ ግን በስሟ ጠርተው፣ የመርፌ ወረቀቷን አይተው ‹ቀጥ ብለሽ ግቢ› እንዳሏት ነገረኝ። ይህ ብቻ ቢሆን የሽማግሌ መዘንጋት ነው ብዬ አልፈው ነበር። ነገር ግን መደርደሪያው ላይ ትሬሰር አለ። በእርስዎ እጅ ጽሑፍ፣ የዛሬ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአምስት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ካርድ ያዘዘ ሰው የለም። መርፌው የተወጋው ሦስት ተኩል ላይ ነው። ከሞተች በኋላ ካርዷን የደበቀ ሰው ፈሪ ነው ይባላል። ከመወጋቷ ሃያ አምስት ደቂቃ አስቀድሞ ያወጣው ግን የሚሆነውን ያውቅ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ካርድ ባወጡ ቁጥር ትሬሰር ሲተኩ ኖረዋል፤ ዛሬም እጅዎ ሳያማክርዎ ተካ።»

ጋሽ ኒቆዲሞስ የምሳ ቦርሳቸውን ከፈቱ። ከምሳ ዕቃው ሥር የማርያንን ካርድ አወጡና አግዳሚው ላይ አኖሩት።

«ሽፍታ ብቻ ነው የሚወጣባት ብዬ ነው» አሉ። «የዛሬ አራት ዓመትም ሽፍታ ብቻ ነበር። ታክካለች፣ ይደናገጣሉ፣ ያኔ ካርዷን ይዤ እገባለሁ፤ ማሽናችሁ ያላወቀውን እኔ አውቅ ነበር እላቸዋለሁ ብዬ። እስከዚያ ዝም አይነቅዝም አልኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ፣ ኒቆዲሞስ ምን ታውቃለህ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም።»

«ኪንሲ ጠይቃዎታለች» አለች ዝናሽ።

ሊበን ከግድግዳው ተላቆ ሁለት እርምጃ ቀረበ። ፖሊሱ ተነሳ፤ ሊበን ግን እጁን አላነሳም።

«በስሟ ጠርተሃታል» አለ። ዞሮ ወጣ፤ የልጆቹ ሰዓት እየደረሰ ነበር።

ኢፍራህ ደግሞ ሽማግሌውን አዲስ ሰው እንደምታይ ሁሉ ትመለከታቸዋለች። «ትሪውን ይዤ በመስኮትዎ አጠገብ ሳልፍ ሰላም ብዬዎት ነበር» አለች። «መርፌው ትሪው ላይ ነበር። ‹በርቺ ልጄ› አሉኝ።»

ዝናሽ በሥራዋ ብዙ ገዳይ አይታለች፤ ይህን ያህል ያንገሸገሻት የለም። ሰው እያወቀ ዝም በማለቱ በየትኛው አንቀጽ እንደሚጠየቅ ዐቃቤ ሕግና ጠበቃ ሲከራከሩበት ይከርማሉ። እሷን የቸገራት ሌላ ነበር። ሽማግሌውን አሁን ይዛ ብትሄድ ማኅደሩ ይዘጋል፤ ነገ ጠዋት ግን እዚሁ ክፍል ሌላ ሰው ክንዱን ይዘረጋል።

«ስንት ካርድ አጥፈዋል?»

«ሁለት መቶ ገደማ።»

«ካውያው አብዛኛውን አጥፍቶታል» አለች ኪንሲ ፊቷን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች። «ከየካርዱ እየለቀምን እንፈልግ ብንል ወራት ይፈጃል።»

«እኔ ሁሉንም አስታውሳቸዋለሁ» አሉ ጋሽ ኒቆዲሞስ። አላስታውስም ያሉት ውሸት በዚያች ቃል ፈረሰ፤ እሳቸውም ያወቁት ይመስላል፤ አንገታቸውን ደፉ።

«እንግዲያው ተነሡ። ኮምፒዩተሩ ጋ ተቀምጠው ይናገራሉ፤ ከዚያ ጣቢያ እንሄዳለን። አቶ ጃማዕ፣ እርስዎም ይመጣሉ። አዲስ ቃለ ጉባኤ ስለሚያስፈልገን ማኅተምዎን ይያዙ።» ወደ ልጅቱ ዞረች። «ኢፍራህ፣ አንቺን የሚይዝሽ ነገር የለም። ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ኢፍራህ ከወንበሯ ተነሳች፤ ወደ በሩ ግን አልሄደችም። ኪንሲ ፊቷን እየጠረገች መጻፍ እንዳልቻለች አይታ ከኮምፒዩተሩ ፊት ራሷ ተቀመጠች። ጋሽ ኒቆዲሞስ ከጎኗ ቆሙ፤ ወንበር ያመጣላቸው አልነበረም። ስም፣ የአባት ስም፣ ቁጥር፣ የማይስማማውን መድኃኒት፤ አንዱንም ሳይሳሳቱ ይጠራሉ። ልጅቱ ቁጥሩን ታስገባለች፤ ‹የለም› የሚለውን ታጠፋለች፤ ‹አለ› ብላ ትጽፋለች።

አርባኛው ስም ላይ ሲደርሱ መጥራቱን አቆሙ።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ።»

ኢፍራህ ዓይኗን ከኮምፒዩተሩ አላነሳችም።

«የሚቀጥለውን ስም ይንገሩኝ» አለች።