የጀቤሳ የመጨረሻ መርፌ

ጀቤሳ ከነጫማው አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። የሞጆን መንገድ በከባድ መኪና ለዓመታት የተመላለሰ፣ በመርፌ የሚወሰድ የሕመም ማስታገሻ ሱስ የያዘው ሰው ነበር። አዳማ ያለው ማገገሚያ ከገባ ወዲህ ግን በየሳምንቱ በሚደረግለት ምርመራ አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ ሽንቱ ንጹሕ ነበር። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ግን ደሙ ውስጥ ያንኑ ማስታገሻ አገኘ።

«አገረሸበት» አሉ ኃላፊው ኦቦ ጉተማ፣ ድምፃቸው ሳይለወጥ። «ያጋጥማል።»

ኢንስፔክተር ገላኔ የሟቹን ክንዶች ገልጣ አየች። አዲስ የመርፌ ምልክት የለም። ሆዱ ላይ ግን አንድ ትኩስ ነጥብ አለ።

«ስኳር ነበረበት» አለች ነርሷ ኮከብ። «ጠዋት ጠዋት ኢንሱሊኑን ራሱ ሆዱ ላይ ይወጋል። ብልቃጡ የሚቀመጠው ኮሪደሩ ላይ ባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፤ አይቆለፍም።»

«ክፍሉን ማን ይጋራዋል?»

«ቶሌራ። እሱም ስምንት ሳምንት ንጹሕ ነው።»

«ንጹሕ ለሆነ ሰው ምን ታደርጉለታላችሁ?»

«ሽልማት ይመርጣል። ሳሙና፣ ሸሚዝ… ቶሌራ ሁልጊዜ የሚመርጠው እሑድን ቤቱ መዋል ነው። መቂ ልጅ አለችው።»

ገላኔ የሁለቱን የሽንት ምርመራ ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ አነበበች። ከዚያ ቶሌራን አስጠራች።

«ስኳር አለብህ?»

«ኧረ የለብኝም፣ ጤነኛ ነኝ።»

ሐኪሙ ፊት ሽንት እንዲሰጥ አደረገች። በማግስቱ የላቦራቶሪው መልስ ሲመጣ ኃላፊውን፣ ነርሷንና ቶሌራን ሰበሰበች።

«ያገረሸበት ሰው ደም ሥሩን ነው የሚፈልገው» አለች። «ጀቤሳ ሆዱን የወጋው ኢንሱሊን መስሎት ነው። ብልቃጡ ውስጥ የተገኘው ማስታገሻው ነው። ሰውነቱ መድኃኒቱን ከረሳ ቆይቷል፤ አልቻለውም።»

«ማን ጨመረው?» አለች ኮከብ።

«ማቀዝቀዣው ለሦስታችሁም ክፍት ነው። የቶሌራ ወረቀት ግን ስምንቱንም ሳምንት ሽንቱ ውስጥ ስኳር ያሳያል። ትናንት ሐኪሙ ፊት ከሰጠው ሽንት ውስጥ ስኳር የለም፤ ማስታገሻው አለ። ሲያስመረምር የኖረው የጀቤሳን ሽንት ነው።»

«ስኳሩን አይቼው ነበር» አለች ኮከብ ቀስ ብላ። «እኛ የምንፈትሸው ማስታገሻውን ብቻ ነበር።»

«ጀቤሳ ምን አለህ፣ ቶሌራ?» አለች ገላኔ።

«ከእንግዲህ ሽንቴን አልሰጥህም፣ ለኦቦ ጉተማም እነግራለሁ አለኝ።» እጆቹን እያየ ነው የሚናገረው። «እሑዴን ሊወስድብኝ ነበር።»

ገላኔ እጁን አሰረችው። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እሑድ ልጄ ከእህቴ ጋር መናኸሪያ ወጥታ ትጠብቀኛለች» አለ፣ የሌላ ሰው ወሬ እንደሚያወራ። «ስድስት ዓመቷ ነው። ማን ይነግራታል?»

ኮከብ የእህቱን ስልክ ቁጥር ከመዝገቡ ላይ ገልብጣ ወረቀቱን ለኃላፊው ዘረጋች። ጉተማ አልተቀበሏትም። ገላኔ ወረቀቱን ተቀበለቻት።