ስምንቱ ሣጥኖች

«እዚህ ላይ ምን ይላል?»

ሚንጎ እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ። የምርጫ ቀን ነበር። እኔ ድምፅ በሚሰጥበት የመንደሩ ሱቅ በር ላይ የተቀቀለ ለውዝ እሸጣለሁ፤ እሱ አንዲት ወረቀት ተርፋው ከውስጥ ወጣ። አስመራጮቹ ስምንት ሣጥን ደርድረዋል፣ ለእያንዳንዱ ሹመት አንድ። ያለ ሣጥኗ የገባች ወረቀት አትቆጠርም። ሕጉ አዲስ ነበር፤ የወጣውም ማንበብ የማንችለውን እኛን ጥቁሮችን ከድምፅ ለማስቀረት ነበር።

ወረቀቷን ተቀብዬ አገላበጥኳት።

«ታውቂያለሽ ብዬ ነው» አለ። «ፊትሽ የሚያውቅ ሰው ፊት ነው።»

«ፊቴ ይዋሻል።»

ሳቀና ወረቀቷን ኪሱ ከተታት። እኔ ግን አፍሬ ቀኑን ሙሉ ቀና አላልኩም።

ባሌ ከሞተ ዓመት አልፎት ነበር፤ ልጄ ሄስተር ገና አራት ዓመቷ ነበር። በዚያው ክረምት ዲያቆን ፕራይመስ እሑድ እሑድ ከጸሎት በኋላ ፊደል ከሚያስተምራቸው ልጆች መካከል ገብቼ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ከአግዳሚው ሥር አይገባም ነበር። ሚንጎ ደግሞ በኮምባሂ ወንዝ ዳር የሩዝ ማሳው የውሃ በር ጠባቂ ነው፤ ባሕሩ ወንዙን ወደ ላይ ገፍቶ ሲሞላው ይከፍታል፣ ውሃው ሲሸሽ ይዘጋል። ስመለስ እዚያ ይጠብቀኛል። የተማርኩትን በእንጨት ጭቃው ላይ እጽፍለታለሁ። ውሃው መጥቶ ይወስደዋል፤ ሚንጎ ግን በልቡ ይዞት ይሄዳል።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በ1884 ደቡብ ካሮላይና ፕሬዚዳንት ልትመርጥ ስትዘጋጅ፣ እኛ ደግሞ ለገና ልንጋባ ተስማምተን ነበር።

ከምርጫው በፊት ባለው ሳምንት የማሳው ኃላፊ ሚስተር ራድ ፈረሱን በቤቴ ደጃፍ አቆመ። ቀይ ሸሚዝ ለብሷል። ያን ሸሚዝ ለብሰው ጥቁር ድምፅ እንዳይሰጥ የሚያሳድዱትን ነጮች የማያውቅ ከእኛ ወገን አልነበረም።

«ቴና፣ ሚንጎሽ ማንበብ ጀመረ አሉኝ።»

«የለም ጌታዬ። ስሙን እንኳ አይለይም።»

«ደህና።» ጎንበስ ብሎ የሄስተርን ራስ ዳበሰ። «የሚያነብ ሰው ለውሃ በር አይሆንም። ሐሳቡ ይከፈልና ሰምጦ ይገኛል።»

እጁን ከልጄ ራስ ላይ እንዳነሳ ወደ ኋላዬ ሳብኳት።

ማክሰኞ፣ በምርጫው ቀን ማለዳ፣ ለውዜን ይዤ በሱቁ መስኮት የሣጥኖቹን ጽሑፍ አነበብኩ። የፕሬዚዳንቱ ሣጥን ከበሩ አራተኛው ነበር። ሮጬ ሚንጎን መንገድ ላይ አገኘሁት።

«አታንብብ። ከበሩ አራተኛው ነው። ቆጥረህ ጨምርና ውጣ።»

«ሁለት ዓመት የለፋሽው መቁጠር ልታስተምሪኝ ነው? መቁጠርማ እናቴም አስተምራኛለች።»

«አታሹፍብኝ። ለልጄ ስትል።»

«ለልጃችን» አለኝ። ዓይኑን ከዓይኔ አልነቀለም። እኔ ቀድሜ አቀረቀርኩ።

ለተሰለፉትም ወንዶች ሁሉ «አራተኛው» እያልኩ አንሾካሾክኩ። ወረቀቱን የሚያድላቸው ዲያቆኑ ነበር፤ ሣጥኑን የነገርኳቸው ግን እኔ ነኝ።

አሥራ አንድ ሰው ገብቶ ወጣ። ከዚያ የሚንጎ ተራ ደረሰ። በመስኮቱ አየዋለሁ። አራተኛው ሣጥን ፊት ቆመ፤ እጁ ግን አልተዘረጋም። ከንፈሩ ቀስ እያለ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ከመስኮቱ ዞር ካልኩ በኋላ አስመራጮቹ ሣጥኖቹን አቀያይረዋቸዋል።

ወደ እኔ አየና ሰባተኛው ጋ ሄዶ ወረቀቱን ጨመረ። ያኔውኑ ቢወጣ ማንም ባላወቀ ነበር። ከኋላው ግን ሽማግሌው ኩፊ በእኔ ቃል ተማምነው እጃቸውን ወደ አራተኛው ዘረጉ።

«አጎቴ ኩፊ፣ ይሄ የሸሪፉ ነው» አለ ሚንጎ ጮክ ብሎ። «የፕሬዚዳንቱ ሰባተኛው ነው።»

ሚስተር ራድ ከአስመራጮቹ ጋር ከሣጥኖቹ ኋላ ቆሟል። ወደ ሚንጎ ግን አላየም። ያየው እኔን ነው።

ሚንጎ በሩ ላይ ቆሞ ለሚገባው ሁሉ ማንበብ ጀመረ። ሣጥኖቹን እንደገና አቀያየሩ፤ እንደገና አነበበ። እስኪዘጋ ድረስ ከዚያ አልተንቀሳቀሰም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዲያቆን ፕራይመስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ቤቴ መጣ።

«እህት ቴና፣ ሦስት ፈረሰኞች የውሃው በር ላይ ቆመው ሚንጎን እየጠበቁት ነው። የሩዝ ጀልባው አሁን ከሚሸሸው ውሃ ጋር ይወርዳል። ከጆንያዎቹ ሥር ቦታ አለ።»

ሚንጎ ከዲያቆኑ ኋላ ቆሟል። «ነይ» አለኝ።

ሄስተር ከሰንበት ጀምሮ ደረቅ ሳል ይዟት ነበር። ጀልባው የሚያልፈው በራድ ጀልባ ማቆሚያ አጠገብ ነው፤ ሳል ከተሰማ ሁላችንም እንያዛለን። እሱም እኔም ይህን እናውቃለን። ሄስተርን ደረቴ ላይ ለጠፍኳት፤ እንደገና አሳለች። 

«አራተኛው ውስጥ ጨምረህ ብትወጣ ምን ነበረበት?» አልኩት። ቁጣ ሳይሆን ልቅሶ ነበር የወጣኝ።

«ፊደሉን አየሁታ፣ ቴናዬ። አንዴ ካዩት በኋላ አላየሁም ማለት አይቻልም። አንቺ ነሽ ያበላሸሽኝ።»

መዳፉን ጉንጬ ላይ አሳረፈ። ጭቃ ጭቃ ይሸታል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ብቻውን ወደ ጀልባው ወጣ።

ጋዜጣው ከሳምንት በኋላ ደረሰን። ዲያቆኑ ሊያነብልኝ ሲል ቀምቼ ራሴ አነበብኩት። ግዛቲቱ እንዳለ ለራድ ወገን ድምፅ ሰጥታለች። ከእኛ ሰፈር ለእኛ ወገን የተቆጠረው አርባ ሦስት ነው። ከሚንጎ በፊት ገብተው አራተኛው ውስጥ የጨመሩት አሥራ አንዱ የሉበትም። ድምፃቸውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ራድ ዛሬም በቤቴ ፊት ሲያልፍ ፈረሱን ያዘገያል። ሄስተር መጽሐፏን ከቀሚሷ ሥር ትደብቃለች።

ሚንጎ ሄደ። እኔና ሄስተር ቀረን።