ሰዓቱን ማን መለሰው?

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፣ ሰው ስለ ቆሌና ስለ መንፈስ ሲያወራ «ማን አየ? ስንት ሰዓት ላይ?» እያልኩ ጨዋታ የማበላሽ ሰው ነኝ፣ ይህንንም የምነግራችሁ ጨንቆኝ ነው።

የምኖረው መሐል ሜዳ ነው፣ ኮምፒውተር ያስተማረኝ የለም፣ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰርቨር፣ ፋይል የሚያከማች ኮምፒውተር፣ ከዚህ ሆኜ ትእዛዝ እየጻፍኩ እጠብቃለሁ። ውስጡ ያለው ከጓደኛዬ ከግርማ ጋር ሁለት ዓመት የቀዳነው የየኔታ ድጓ ነው፣ ሌላ ቅጂ የለውም፣ የኔታም ዛሬ ጉሮሯቸው ተዘግቶ ዜማ አይወጣቸውም። ሰርቨሩን የሚከፍተው ቁልፍ፣ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው፣ ያለው በእኔና በግርማ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው።

ግርማ አንድ ግትርነት ነበረበት። «ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዘጠኝ ነው የሚለኝን ማሽን አላምንም» ብሎ የሰርቨሩን ሰዓት በሐበሻ አደረገው። እኔ ደግሞ ሰዓቱ መቀየሩን ሳላውቅ፣ በፈረንጅ ሦስት ሰዓት፣ ማለትም ሌሊት፣ ትርፍራፊ ፋይል እንዲጠረግ አዝዤ ነበር፣ ጽዳቱ ጠዋት እየቀዳን ሳለ ተነሳና የግማሽ ሰዓት ድምፅ ይዞ ሄደ። ተኳረፍን፣ ሳንታረቅ ግርማ በኅዳር አረፈ። ሰዓቱን ወደ ፈረንጅ የመለስኩት ከአርባው በኋላ ነው።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት፣ ጉሙ ማዶ ያለውን ሱቅ ሸፍኖት፣ ገባሁና ውስጥ ማን እንዳለ የሚጠይቀውን ትእዛዝ ጻፍኩ፣ ሁለት ስም መጣ፣ የእኔና የግርማ። ሰዓት ጠየቅኩት፣ ዘጠኝ ሊለኝ ሲገባ ሦስት አለ፣ የእጅ ሰዓቴም ሦስት ይላል። እመኑኝ፣ እጄ ከኪቦርዱ ላይ ተነስቶ ሳለ ኮምፒውተሩ «ጢን» አለ፣ የሚያጠፉት ፊደል በሌለበት ማጥፊያ ሲጫኑ የሚለውን ድምፅ።

ሰው ገብቷል አልኩ፣ የግርማን ኮምፒውተር ቤተሰቦቹ ሸጠውታል፣ የገዛው ሰው የየኔታን ድምፅ ሊያጠፋው ነው ብዬ ወደ ግርማ እናት ሮጥኩ።

«እትዬ አስካለ፣ የግርማን ኮምፒውተር ለማን ሰጡት?»

«እንዳንተ ያለ ነዝናዛ! ሞቶም አልተውከው?» አሉና ከአንገታቸው ቁልፍ አውጥተው ሳጥኑን ከፈቱ። በጋቢው እንደተጠቀለለ ነው፣ እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል፣ ብጫነው አልበራም። ቻርጀሩ ደግሞ ሳንኳረፍ ተውሼው እኔው ጋ ቀርቷል።

«ሌላ ሰው ነክቶታል?»

«ማን ይነካዋል ልጄ? አይጥ ካልሆነ። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ከሳጥኑ ጢን ጢን ሲል ወጥመድ አጠመድኩ፣ ምንም አልያዘ።»

ስለ ድምፁ አልነገርኳቸውም ነበር።

ተመልሼ ስገባ የግርማ ስም የለም። የግርማን ቁልፍ ለመሰረዝ አንድ መስመር ማጥፋት ይበቃል፣ ትእዛዙን ጻፍኩት፣ ግን ከመላኬ በፊት የቀዳናቸውን የድምፅ ፋይሎች ልቁጠር አልኩ። አንድም አልጎደለም፣ እንዲያውም አንድ በልጧል፣ ስሙ ያ የተኳረፍንበት ቀን ነው፣ በግርማ አጻጻፍ፣ በሐበሻ ቀንና ሰዓት።

ቁልፉን አልሰረዝኩም። ፋይሉንም አልከፈትኩም፣ ምክንያቱም የጠፋብን ሠላሳ ደቂቃ ነበር፣ ከስሙ ጎን የተጻፈው ርዝመት ግን አርባ ነው።