የቆላው ሥልጠና

ከሽንዲ ከወጡ አራት ሰዓት ያህል ሆኗቸዋል። ከገደሉ ወገብ ሲደርሱ ማለዳ ጥርት ብሎ የነበረው ሰማይ ባንድ አፍታ ጠቆረ። ነፋሱ ከሸለቆው ሥር አቧራና ደረቅ ቅጠል እያፈሰ ሽቅብ ወጣ፤ በረዶም ተከተለው። ባቄላ የሚያህል በረዶ ድንጋዩን፣ የበቅሎዋን ጀርባ፣ የሀብትነሽን ትከሻ ይወግር ጀመር።

«ከቋጥኙ ተጣበቂ!» ብለው ጮኹ የበቅሎዋ ባለቤት አያ ያረጋል። «ቁልቁል እንዳታዪ!»

ሀብትነሽ ተጣበቀች። በቅሎዋ ግን መጠጊያ አልነበራትም። ጭነቱ ላይ የታሰረው ሸራ ነፋስ ሞልቶት ወደ ገደሉ ይጎትታታል። የኋላ እግሯ ሸርተት አለ። ያረጋል ልጓሙን በሁለት እጃቸው ጨምድደው መሬት ላይ ተዘረሩ። ሀብትነሽ ተሳበችና ቢላዋ አውጥታ የጭነቱን ገመድ በጠሰችው። ከተጫኑት ሁለት ጥቅል የመስኖ ቱቦዎች አንዱን ቁጥቋጦ ያዘው፤ ሌላው እየተንከባለለ ወረደ፤ ከድንጋይ ድንጋይ ሲላተም ድምፁ ለረጅም ጊዜ ተሰማ።

በረዶው እንዳመጣጡ ድንገት ቆመ። በቅሎዋ ተርፋለች፤ ግን የኋላ ቀኝ እግሯን መሬት ማስነካት አልቻለችም።

ያረጋል እግሯን በመዳፋቸው ዳሰሱና ራሳቸውን ነቀነቁ። «በቃት። ተመለሺ ልጄ፣ አብረን እንውጣ።»

«እርስዎ ይዘዋት ይመለሱ፣ አያ ያረጋል። እኔን ስድስት ሰው ይጠብቀኛል።»

«ብቻውን የሮጠ ቀዳሚ የለውም ይባላል። ቢወድቅ ግን አንሺም የለው።»

«እስከ ረቡዕ ነው የሚጠብቁኝ። ዛሬ ሰኞ ነው።»

«ባይጠብቁሽስ?» አሉ ሽማግሌው።

ሀብትነሽ የውሃ ማጣሪያውንና የቱቦ መግጠሚያዎቹን በጀርባዋ አዘለች፤ የተረፈውን ጥቅል ቱቦ በትከሻዋ፣ የውሃ ጀሪካኗንና የበሶ ከረጢቷን በእጇ ያዘች። ያረጋል የደረቀውን ወንዝ አሸዋ ይዛ እንድትወርድ፣ ኩሬ ካየች እንዳትቸኩል ነገሯት። ከዚያ በቅሎዋ በሦስት እግሯ እያነከሰች፣ እሳቸው እያባበሏት፣ ወደ ላይ ራቁ።

ሀብትነሽ የአርባ ሁለት ዓመት ሴት ናት። ፍኖተ ሰላም ተቀምጣ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የግብርና ባለሙያዎችን ውሃ ቆጣቢ መስኖ አስተምራለች፤ ውሃን ሜዳ ላይ ከመልቀቅ በቀጭን ቱቦ ወስዶ ከተክሉ ሥር ጠብ ማድረግን። ሥልጠናው ግን ሁልጊዜ ደጋ ላይ፣ በአዳራሽ፣ ቧንቧ ባለበት ነበር። ውሃ የቸገረው ቆላው ነው። «ሥልጠናው እዚያው ይሰጥ» ብላ ሁለት ዓመት ተከራክራ በመጨረሻ ተፈቀደላት፤ ይህ ከከሸፈ ሁለተኛ እንደማይፈቀድ በግልጽ ተነግሯታል። ከታች፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ባለች አንዲት የልማት ጣቢያ፣ ስድስት ባለሙያዎች ተሰብስበዋል፤ ሦስት መቶ የማንጎ ችግኝም ውሃ ይጠብቃል። ስልክ አይሠራም።

ሸለቆው ጠበበ፣ ጠለቀ። የቆላው ቀርከሃ፣ ሽመሉ፣ ደርቆ እርስ በርሱ ይፋጫል። ከእርምጃዋና ከትንፋሿ ሌላ የሰው ድምፅ የለም። እሷ ብትቀር በፍኖተ ሰላም መጀመሪያ ልብ የሚለው ማን እንደሆነ አሰበች፤ የግቢው ዘበኛ ሳይሆን አይቀርም። ቤቷ ግድግዳ ላይ የየሥልጠናው የመዝጊያ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፣ አሥራ ዘጠኝ ያህል። ሁሉም ላይ መሀል የቆመችው እሷ ናት። በዙሪያዋ ካሉት ፊቶች የአንዱንም ስም መጥራት አትችልም።

ሲመሽ ድንጋይ ሥር ተኮራምታ አደረች።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ዝንጀሮዎች ከበቧት። የጫማዋን ማሰሪያ ልታጠብቅ ሸክሟን ባወረደችበት ቅጽበት ከቋጥኙ ጎረፉ፤ ሠላሳ፣ ምናልባት አርባ። ድንጋይ ወረወረች። ትንንሾቹ ሸሹ። ትልቁ ወንድ ግን የበሶዋን ከረጢት ከእግሯ ሥር መንጥቆ ቁጭ አለና ጥርሱን እያሳየ አዛጋባት። ሌሎቹ መግጠሚያዎቹን በትነው፣ ቱቦውን ጎትተው ይዘለዝሉት ጀመር። ሀብትነሽ ማጣሪያውን በደረቷ አቅፋ፣ ጀሪካኗን አንጠልጥላ፣ ፊቷን ወደ እነሱ እንዳደረገች የኋሊት ሄደች። ሲርቁላት ዞራ ሮጠች።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ውሃዋ አለቀ። አሸዋው በጫማዋ አልፎ ያቃጥላል። ከወንዙ መታጠፊያ ስትደርስ ኩሬ አየች፤ አረንጓዴ፣ ጸጥ ያለ፣ ከቋጥኝ ጥላ ሥር። ጉልበቷ ወደዚያ ሊሮጥ ፈለገ። የሽማግሌው ቃል ትዝ አላትና ቆማ ድንጋይ ወረወረች። ቀለበት ሠርቶ ጠፋ። ሁለተኛ ወረወረች። ምንም የለም። ማጣሪያውን ቋጥኝ ላይ አስቀምጣ፣ የጀሪካኗን ገመድ በእጇ አንጓ ጠምጥማ፣ ከዳር ርቃ ተንበርክካ፣ ወደ ውሃው ጣለችው።

ኩሬው ፈነዳ። ጥቁር መንጋጋ ጀሪካኗን ቀረጠፈና ወደ ውስጥ ጎተተ። ሀብትነሽ በፊቷ ተደፋች፤ ደረቷ ውሃ ነካ። ገመዱ አንጓዋን አንቆታል። በእግሯ ድንጋይ ፈልጋ ተደገፈች፤ እጇን ጠምዝዛ ሳበችው፣ ቆዳው ተገፍፎ ከገመዱ ውስጥ ተላቀቀ። በአራት እግሯ ወጣች፤ ከቋጥኙ ላይ እስክትደርስ አልቆመችም። ከታች አዞው የተጨማደደውን ጀሪካን ተፍቶ ሰጠመ።

አንድ ሰው በዚህ ሙቀት በቀን ስንት ሊትር እንደሚያስፈልገው ታውቃለች፤ ስታስተምረው ኖራለች። ማወቁ ጉሮሮዋን አላራሰም። የተደፋባትን ውሃ ከሸሚዟ ጫፍ ጨምቃ ጠጣች። ጭቃ ጭቃ አለ።

ረቡዕ ምላሷ አፏን ሞላው። ጠጠር እየመጠጠች ሄደች። ማጣሪያውን ሁለት ጊዜ ጣለችው፤ ሁለት ጊዜ ተመልሳ አነሳችው። እኩለ ቀን ላይ ከአሸዋው ወጥታ አንድ ተረተር ስትሻገር የረጠበ አፈር ሸተታት። አእምሮዋ ያታለላት መሰላት። ቀና ስትል ግን በተቃጠለው ኮረብታ መሀል የፓፓያ ቅጠል፣ ሎሚ፣ የቃሪያ መደብ አየች። መሮጥ ጀመረች።

ጥይት ጮኸ።

«ቁሚ! ሁለተኛው ወደ ሰማይ አይደለም!»

ጠመንጃ የደገነ ጢማም ወጣት ከፓፓያዎቹ መሀል ወጣ። «ከየት ነሽ? ከቢሮ ነሽ? ምንጩን ልትለኪ ነው?»

«ውሃ» አለች። ድምፅዋን ራሷም አላወቀችውም።

«የሚመጣው ሁሉ ለክቶ ይሄዳል። ከዚያ ደግሞ ሌላ መጥቶ የእኔ ነው ይላል። ተመለሺ።»

ሀብትነሽ ወደ ኋላ የምትሄድበት አቅም አልነበራትም። ተቀመጠች፤ ነጠላዋም ከራሷ ወደቀ። ሰውየው ቀረብ ብሎ አፍጥጦ አያት። አፈሙዙ ቀስ እያለ ወረደ።

«መምህርት ሀብትነሽ? እርስዎ ነዎት?»

ሮጦ በቅል ውሃ አመጣ። ልትጨልጠው ስትል እጇን ያዘ። «በጥቂት በጥቂቱ። በጠብታ ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ?»

ነፍሷ ስትመለስ «የት ነው ያስተማርኩህ?» አለችው።

«ፍኖተ ሰላም፣ ከአምስት ዓመት በፊት። ገነነ እባላለሁ። በፈተና የጣሉኝ ተማሪ ነኝ። አያስታውሱኝም?»

መዋሸት ትችል ነበር። «አላስታውስህም።»

ገነነ ቃሪያዎቹን እያየ ተናገረ። «ፈተናው ላይ አንድ የማንጎ ችግኝ በቀን ስንት ሊትር ይፈልጋል የሚል ነበር። እኔ ‹ያለውን ያህል› ብዬ ጻፍሁ። እርስዎ ለክፍሉ ጮክ ብለው አነበቡት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እርስዎም ሳቁ።»

ያን ጊዜ ሳቁ ትዝ አላት። የአዳራሹ ሳቅ፣ ራሷ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ይዛ። ፊቱን ግን አሁንም አላስታወሰችውም፤ ይህም ከጥሙ ይልቅ ከበዳት።

«ሥራውን አጣሁ» አለ ገነነ። «ወደዚህ ወረድሁ። ምንጩ በቀን አራት ጀሪካን ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። ቱቦ የለኝም። የሽንዲ ሸክላ ሠሪዎች የተሸረፈ ማሰሯቸውን ሰጡኝ፤ እነሱ ብቻ ናቸው ያልሳቁብኝ።» ተንበርክኮ ከአንድ ሎሚ ሥር አፈሩን ገለጥ አደረገ። ማሰሮ እስከ አንገቱ ተቀብሮ፣ አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድኗል። «በሦስት ቀን አንዴ እሞላዋለሁ። ሸክላው ራሱ ያልበዋል። ሥሩ ሲጠማው ይስባል፣ ሲጠግብ ይተወዋል።»

ሀብትነሽ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሄደች። ስልሳ ሁለት ማሰሮ ቆጠረች። በዚህ ኮረብታ ላይ ሌላ አረንጓዴ ነገር አልነበረም።

«ከእኔ ጋር ወደ ጣቢያው ና» አለችው። «ሠልጣኞቹ ካንተ ይስሙት።»

«ዛፎቼን ማን ይጠብቃል? ዝንጀሮው አንድ ቀን አይምረኝም።» ከዚያ ድምፁን ቀንሶ፣ «ደግሞ ሰው ፊት መቆም ትቻለሁ» አለ።

ያን ሌሊት ከጎጆው ደጅ አሳደራት። በማግሥቱ ማለዳ በአንዲት ትንሽ ማሰሮ ውሃ ሞልቶ ሰጣትና መንገዱን በጣቱ አሳይቷት ተመለሰ። ስንብት አልተባባሉም።

ከአራት ሰዓት በኋላ ጣቢያው ደረሰች። በሩ ላይ ሁለት ሰዎች ተነሱ፤ ትሕትና የምትባል ልጅ እግር ባለሙያና ዳኘው የሚባል ጎልማሳ።

«ሌሎቹስ?»

«ትናንት ማታ ሄዱ» አለ ዳኘው አንገቱን ደፍቶ። «አትመጣም ብለው ነው። እኛም ዛሬ ልንወጣ ነበር።»

ትሕትና ወደ ውሃ ማጠራቀሚያው ገንዳ ወሰደቻት። ወለሉ ተሰነጣጥቋል። ገንዳውን የሚሞላው ጅረት ከደረቀ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። የማንጎ ችግኞቹ ቅጠል በጣት ሲነካ ይረግፋል። ሀብትነሽ ሦስት ቀን የተሸከመችውን ማጣሪያ ከጀርባዋ አውርዳ የደረቀው ገንዳ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። የሚጣራ ውሃ የለም። ከአጠገቡ ተቀመጠች። ሁለቱ ሊቀርቧት አልደፈሩም። ራቅ ብለው ቆመው ጠበቋት።

በመጨረሻ ተነሳች። «ችግኞቹን ቁጠሩ። በሕይወት ያሉትን ብቻ ነቅላችሁ ከመጠጥ ውሃችሁ ባራሳችሁት ጨርቅ ጠቅልሉ። ነገ ወደ ላይ እንወጣለን።»

«ሥልጠናውስ መምህርት?» አለች ትሕትና።

«ለእሱ ነው የምንወጣው።»

ዓርብ ረፋድ ላይ ሦስቱ ተረተሩን ሲወጡ ገነነ ከሩቅ አያቸው። ጠመንጃውን አነሳ፤ አወቃቸውና አወረደው። አርባ አንድ ችግኝ ተሸክመው ከፊቱ ቆሙ። ሀብትነሽ ከሁለቱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ደብተሯንም ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

ገነነ የሚያደርገው ጠፋው። «ምን… ከየት ልጀምር?» አለ። አንዴ ትሕትናን፣ አንዴ ዳኘውን አየ። ላቡን ጠረገ። ጠመንጃውን ከፓፓያው ጋር አስደግፎ ዶማ አነሳ፤ ጉድጓድ ጀመረና ተወው። ዓይኑ ሀብትነሽ ላይ አረፈ፤ እንድትስቅ የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

«መምህር ገነነ» አለችው፣ እንደ ታላቅ አክብራ። «ይቀጥሉ። ልንሰማዎት ነው የመጣነው።»

ገነነ ዶማውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «እንግዲያው ደብተሩን ይተውት» አለ። «መጀመሪያ እጅዎን ወደ አፈሩ ያስገቡ።»

ሀብትነሽ ደብተሯን ከደነች። እጅጌዋን ሰብስባ፣ ቁስል የያዘውን እጇን ከአንዱ የተቀበረ ማሰሮ ጎን፣ አፈሩ ውስጥ፣ እስከ አንጓው ድረስ አስገባች።