ነጭ ሆኖ የቀረው የቁንዝላ ዳር

ሔራን ከሐዋሳ ወደ ባሕር ዳር የመጣችው ለአንድ ሥራ ብቻ ነበር፤ አሮጌው ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን የጣናን ወለል ካርታ ወደ አዲሱ አዛውራ ልትመለስ። ካርታው የተሳለበት ፕሮግራም ከዊንዶውስ ኤክስፒ በቀር በሌላ አይሠራም። ፋይሉ ግዙፍ ስለሆነ ለመከፈት ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ እስኪከፈት ማውሱን የነካ ሰው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ስለዚህ እሷና ካርታ ሠሪው ሕዝቅኤል እጃቸውን ሰብስበው ይጠብቁ ነበር። ሐይቁ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ሲገለጥ እሱ ስክሪኑን ያያል፣ እሷ እሱን።

«ይኼን የቁንዝላን ዳር የለኩት ጋሽ መልካሙ ናቸው» አላት አንድ ቀን። «የጥልቀት መለኪያ መሣሪያውን ከጀልባ ላይ ወደ ውሃው እያወረዱ። ሥራ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር።»

ፋይሉ በአንዴ አይገለበጥም፤ እየቆራረጡ፣ አዲሱ ኮምፒውተር ወደሚያነበው ዓይነት እየቀየሩ ማውጣት የግድ ነበር። ሔራን በሁለት ቀን መጨረስ ትችላለች። ግን በቀን አንድ ቁራጭ ብቻ ትገለብጥና «ለዛሬ ይበቃል» ትላለች።

«አዎ፣ ሞቋል፤ ይረፍ» ይላታል ሕዝቅኤል። ከዚያ በሐይቁ ዳር እያወሩ ያመሻሉ።

እናቷ ደውለው «መቼ ነው የምትመጪው?» ሲሏት፣ «ማሽኑ አሮጌ ነው፣ እማዬ» ትላለች። እውነት ተናግራ መዋሸት እንደሚቻል ያን ሰሞን አወቀች።

አንድ ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ሔራን ደነገጠች፤ ዲስኩ እየሞተ ነበር። እህል ሳይቀምሱ ሲገለብጡ ዋሉ። የመጨረሻው ቁራጭ ሲቀር ስክሪኑ ጠቆረ። የቀረው የቁንዝላ ዳር ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም።

ሕዝቅኤል የጠቆረው ስክሪን ላይ አፍጥጦ ቀረ። ሔራን ዝም ብትል የሚጠይቃት አልነበረም። ግን አልቻለችም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ድሮ መጨረስ እችል ነበር። ከጨረስኩ መሄዴ ስለሆነ አዘገየሁት። የጋሽ መልካሙን ልፋት አጠፋሁብህ።»

ፊቱን ከስክሪኑ አላዞረም።

«አንቺ ብቻ አይደለሽም» አለ። «ሞቋል፣ ይረፍ እያልሁ ያስቆምሁሽ እኔ ነኝ። ይኼ ኮምፒውተር ሞቆ አያውቅም።»

ሔራን አለቀሰች። ሐዘኑ ይሁን ደስታው ያስለቀሳት እሷም አለየችውም።

ካርታው አሁን አዲሱ ኮምፒውተር ላይ በአንድ አፍታ ይከፈታል። በደቡብ ምዕራብ፣ በቁንዝላ በኩል ግን ነጭ ነው። ያን ነጭ ሊሞሉ ሁለቱ መለኪያውን ይዘው በጀልባ ቁንዝላ ሄዱ።

«ቀስ እያልሽ» አላት መሣሪያውን እያቀበላት። «ጋሽ መልካሙ ችኮላ አይወዱም ነበር።»

«እናቴ ዛሬም መቼ ነው የምትመጪው ብላ ብትጠይቀኝ ምን ልበላት?»

 ሕዝቅኤል ከውሃው ቀና ብሎ አያት።

«ከሽማግሌዎች ጋር እመጣለሁ በያቸው።»

 ሔራን መሣሪያውን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ አድርጋ ወደ ውሃው አወረደችው።