የአቶ በላይ አውራ ጣት

የማክሰኞ ፀሐይ ገና ሳትከርር የሽንኩርቱ መጋዘን ሸቷል። ኢንስፔክተር ማህደር አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ ገባች። ሰባ ዓመት ያለፋቸው የሸዋ ሮቢት ገበሬ፣ አቶ በላይ፣ ከተናደ የሽንኩርት ክምር ሥር በጀርባቸው ተዘርረዋል።

«ሌሊት ክምሩ ተንዶባቸው ነው» አለ ልጃቸው ጌታሰው። «ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ብቻዬን መጥቼ አገኘኋቸው። ጫፋቸውን አልነካሁም፤ ለእህቴ ደወልኩ።»

እህቱ ቆንጅት የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። አንድ ሰዓት ላይ ደርሳ ፖሊስ እስኪመጣ ከአስከሬኑ አልተለየችም።

ማህደር ተንበረከከች። የሟች ከንፈር ከውስጥ ተሰንጥቋል፤ በጥርሳቸው መሃል የጆንያ ክር ተሰክቷል። ግራ አውራ ጣታቸው በሻሽ ታስሯል። ስትፈታው አራት ቦታ የተሰፋ ቁስል አገኘች፤ ጣቱ በሰማያዊ ቀለም ተለቅልቋል።

«እሑድ ማጭድ ቆረጣቸው፤ እኔ ነኝ የሰፋሁላቸው» አለች ቆንጅት። «ቀለሙን ግን አላውቅም። አስተሳሰሩም የኔ አይደለም።»

በማግስቱ፣ ከቀብር መልስ፣ ነጋዴው ጋሼ ፈለቀ ወረቀት ይዘው ድንኳኑ ውስጥ ቆሙ።

«በላይ ባለፈው ጥቅምት ስምንት መቶ ሺህ ብር ተበድሮኛል። ጣቱ ይኸው፤ ምስክሩም ልጁ ነው። ከውርሱ ይከፈለኝ።»

ጌታሰው ዓይኑን ጠረገ። «አባቴ ዕዳ ተሸክመው አያርፉም። መሬቱን እንልቀቅላቸው።»

ለቀስተኛው መረቀው። «አባባ ከሰው ተበድረው አያውቁም!» ያለችውን ቆንጅትን ግን ገላመጧት። አንዱማ «ከአባቷ መሬት የሚበልጥባት» አለ፣ እየሰማች።

ማህደር ወረቀቱን ተቀብላ ወደ ብርሃን አወጣችው። «ጋሼ ፈለቀ፣ ይህ ከጥቅምት ጀምሮ የት ነበር?»

«ካዝናዬ ውስጥ። ቁልፉ ከኔ ተለይቶ አያውቅም።»

«ሌላ ሰው አልነካውም?»

«ማንም!»

«እንግዲያው ሁላችሁም ተቀመጡ» አለች ማህደር።

«የሆስፒታሉ የአስከሬን ምርመራ ውጤት ደርሶኛል። አቶ በላይን የገደላቸው ሽንኩርት አይደለም። አፋቸው በጆንያ ታፍኗል፤ ክምሩ የተናደው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ይህን አሻራ እዩ። መሃሉን ሰንጥቆ የሚያልፍ መስመር አለ፤ በግራና በቀኙ አራት አራት ነጥብ። መስመሩ የማጭዱ ቁስል ነው፤ ነጥቦቹ የቆንጅት ስፌት። እሑድ የተሰፋ ጣት ጥቅምት ላይ እንዴት ፈረመ?»

የጋሼ ፈለቀ ከዘራ ከእጃቸው ወደቀ።

«ትኩስ ስፌት ሲጫኑት ይደማል። እዚህ የደም ጠብታ የለም። ያስፈረሙት ሬሳ ነው።» ማህደር ወረቀቱን ዝቅ አደረገች። «ሻሹን ፈትቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ መልሶ ያሰረው ማነው? ከአንድ ሰዓት በኋላ ቆንጅት ነበረች፤ ያስፈረመችው እሷ ብትሆን ዕዳውን አትክድም ነበር። ከዚያ በፊት ከሬሳው ጋር ብቻውን የነበረው ጌታሰው ነው። ጥቅምት ላይ አየሁ ብሎ የመሰከረውም እሱ ነው። ጋሼ ፈለቀ፣ በግድያው አብረውት ይጠየቃሉ ወይስ ይናገራሉ?»

«እኔ አልገደልኩም!» ጮኹ ሽማግሌው። «ብሩን ተበድሮ በቁማር የጨረሰው እሱ ነው! የአባትህን ጣት አምጣልኝ አልኩት እንጂ ግደል አላልኩትም! ማክሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ሲያመጣልኝ...»

«ሲያመጣልዎ ምን አሉት?»

«ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቅኩ» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።

ከለቀስተኞቹ አንዲት ሴት እንትፍ አለች። ቅድም የመረቁት ሰዎች ከጌታሰው ሸሽተው ተቀመጡ። እሱ ግን አላለቀሰም፤ አልካደም። ካቴናው ሲገባለት ወደ እህቱ ዞረ።

«ቆንጅት፣ ዕዳው ከተሰረዘ መሬቱ እኩል ነው። ሽንኩርቱ ሳይበሰብስ ሽጪውና ድርሻዬን አስቀምጪልኝ።»

ማህደር ካቴናውን አጠበቀች።

«አባቱን የገደለ አይወርስም» አለችው። «የሚቀርህ የራስህ ዕዳ ብቻ ነው።»

ቆንጅት ወንድሟን ቀና ብላ አላየችውም። የድንኳኑን መጋረጃ ገለጠችና ውጭ ወጥታ አስታወከች።